አራት እርምጃ ክፍት ቦታ

ረቡዕ፣ ከንጋቱ 11፡30፤ አስኮ

አስኮ መናኸሪያ ገና አልነጋለትም፤ የአምቦ ሰልፍ ግን ከወዲሁ ግድግዳውን ይዞ ተጠማዟል። ከፊቴ ነጭ ጋዋናቸውን በፌስታል የያዙ ሁለት ነርሶች፣ ላፕቶፑን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ያቀፈ የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ ከኋላዬ ደግሞ ባዶ በርሜል ሊያስጭን ከተራ አስከባሪው ጋር የሚከራከር ነጋዴ። ብርዱ የኅዳር ብርድ ነው፤ አጥንት ይፈልጋል። ነጋዴው በመጨረሻ አሸንፎ በርሜሉ ከኔ ወንበር ኋላ ተቀመጠ። እስከ አምቦ ድረስ መንገዱ በተንገራገጨ ቁጥር ጆሮዬ ሥር ይጮህ ነበር።

ከተማ ስሄድ አንድ ልማድ አለኝ። ሌላው ሰው ፍል ውሃውንና ሐይቁን ሊያይ ሲጣደፍ እኔ የከተማውን የመጨረሻ ቀበሌ እፈልጋለሁ። አስፋልቱ የሚያልቅበትን፣ ላም በጽሕፈት ቤቱ በረንዳ የምታልፍበትን ቀበሌ። አንድ ከተማ ምን ለመሆን እንዳሰበ ከመሃሉ ይልቅ እዚያ ይታየኛል። የእረፍት ቀኖቼን በቀበሌ ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆሜ የማሳልፍ ሰው መሆኔን ባለቤቴ ለጓደኞቿ እንደ በሽታ ነው የምታወራው።

የዛሬው ጉዞዬ ግን ለጉብኝት ብቻ አይደለም። አምቦ ዳር፣ ወደ ጉደር መውጫ፣ የአባቴ እህት ትኖራለች። ጫልቱ ትባላለች፤ እኛ አዳዳ ነው የምንላት፤ በኦሮምኛ የአባት እህት ማለት ነው። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ልጆቿ ሩቅ ናቸው። ቤቷ ከዋናው መንገድ ገባ ይላል። ከደጃፏ ወደ መንገዱ የምትወጣባት ጠባብ መተላለፊያ፣ ሰሞኑን በተደረገው የይዞታ ልኬት፣ ባለቤት የሌላት ክፍት ቦታ ተብላ ካርታ ላይ ተመዝግባለች። ቀበሌው ደግሞ ክፍት ቦታ ሲያገኝ ለሥራ አጥ ወጣቶች የንግድ ሼድ ይተክላል። ሼዱ ከተተከለ አዳዳ መውጫ የላትም። ቅሬታ የሚሰማበት የመጨረሻ ቀን ነገ ሐሙስ ነው።

1፡40፤ ሆለታ

ሾፌራችን ከፊት ወንበር የተቀመጥነውን ሁለት ሰዎች ማናገር የሚወድ ሰው ነው። ስለ ቀበሌ ጉዳይ እንደምሄድ ስነግረው ሳቀ። የሱ ቤት ከአዲስ አበባ ጥግ ነው። መጀመሪያ የገበሬ ማኅበር ነበር፣ ከዚያ ከተማ ሆነ፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ሌላ ከተማ ተጠቃለለ።

"ቤቴን አንድ ቀን ነቅዬ አልተንቀሳቀስኩም፤ ሦስት አስተዳደር ግን አይቻለሁ። አሁን ሰው የት ነው የምትኖረው ሲለኝ በየትኛው አስተዳደር ልንገርህ እላለሁ" አለኝ።

ከሆለታ በኋላ ሜዳው ተዘረጋ። የታጨደ ገብስ፣ ያልታጨደ ጤፍ፣ የደረቀ የአደይ አበባ ግንድ፣ ከርቀት የቆርቆሮ ጣሪያ። በየመሃሉ ማንም ያላረሰው ቦታ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር የተጻፈባቸው የወሰን ድንጋዮች ቆመዋል። የድሮ ተሳፋሪ መንገዱን በዛፍና በወንዝ ያውቀው ነበር። እኔ በድንጋዮቹ ማወቅ ከጀመርኩ ቆየሁ፤ ከድንጋዩ ቀጥሎ የሚመጣው ቆርቆሮ አጥር ነው፣ ከዚያ ባንክ።

2፡50፤ ጊንጪ

ጊንጪ ሁሉም መኪና የሚቆምባት፣ ማንም የማያድርባት ከተማ ትመስለኛለች። ተሳስቼ ሊሆን ይችላል፤ አድሬባት አላውቅምና። በስተሰሜን የጭልሞ ደን እንደ ጥቁር መስመር ይታያል። ከመንገዱ ዳር የእህል ጆንያ ተደርድሯል፤ ሚዛን የሚይዙት ሴቶች ናቸው።

ጨጨብሳ አዘዝኩ። ከባለፈው ጉዞዬ ወዲህ ዋጋው ጨምሯል፣ ሳህኑ ቀንሷል። ያስተናገደችኝን ሴት ይህን ብነግራት፣ ሳህኑ ያው ነው፣ እርስዎ ነዎት የከሱት አለችኝ። ያልከሳሁ ሰው ነኝ፤ ግን ደስ አለኝ።

እየበላሁ ሳለ አዳዳ ደወለች። ድምጿ ቀዝቃዛ ነው። ድካሙ ይቅርብህ፣ ተመለስ አለች። አምቦ ለመድረስ ሲሶ መንገድ ሲቀረኝ። እንዴት እመለሳለሁ ስላት "እኔ እንደሆነ አፌ አይታዘዝልኝም፤ አንተ ደግሞ የዚህ አገር መታወቂያ የለህም" ብላ ዘጋችው። ልክ ናት። ባለይዞታው ራሱ ካልተናገረ በስተቀር የዘመድ ቃል አይጻፍም። እኔ አዲስ አበቤ ነኝ፤ ነገ እዚያ ክፍል ውስጥ ከግድግዳው የምለየው ስለምተነፍስ ብቻ ነው።

4፡20፤ አምቦ፣ የመጨረሻው ቀበሌ

ከመናኸሪያው ባጃጅ ይዤ በምዕራብ በኩል ወጣሁ። የቀበሌውን ስም አልጽፍም፤ ሰዎች የሚኖሩበት ሰፈር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የገጠር ቀበሌ ነበር፣ ከተማው ሲሰፋ ተረከበው። በአንድ በኩል ለአጨዳ የደረሰ ጤፍ ነጥቷል፣ በሌላ በኩል ሁለት ፎቅ ላይ የቆመ ሕንፃ ብረቱን አግጥጦ ይጠብቃል። ኮብልስቶኑ የሚያልቀው ከቀድሞው ሊቀመንበር በር ፊት ነው። ስለዚህ ነገር የጠየቅኩት ሰው ሁሉ ሳቀ እንጂ አልመለሰልኝም። ነዋሪው ከተማ ነን የሚለው ስለ መብራትና ስለ ቧንቧ ሲያወራ ነው፤ ስለ ግብር ሲነሳ ገጠር ነን ይላል። ሁለቱንም ከልቡ ነው የሚለው።

መተላለፊያዋን አየኋት። ስፋቷን በእግሬ ለካሁ፤ አራት እርምጃ። ከመንገዱ ተነስታ እስከ አዳዳ በር ትሄዳለች። በግራ የትምህርት ቤቱ የድንጋይ አጥር፣ በቀኝ የጎረቤቷ የኦቦ ለሜሳ የግራዋ አጥር። አጥሩ መሃል ላይ ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት አለው፤ ሁለቱ ቤቶች የሚገናኙት በዚያ ነው። ከአጥሩ እስከ ግንቡ አንድ ገመድ ተዘርግቶ የሁለቱም ቤት ልብስ ተሰቅሎበታል። ጥግ ላይ የጋራ የጭድ ክምር። የኦቦ ለሜሳ ላም አጠገቡ ተኝታለች።

ኦቦ ለሜሳ፣ በአማርኛ አቶ ለሜሳ፣ ጡረታ የወጡ ድሬሰር ናቸው። የዚህ ሰፈር ትልልቅ ሰዎች በሙሉ አንድ ጊዜ በሳቸው ተወግተዋል። የጸሎት ቤታቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ቀጭን፣ ረዥም፣ ኮፍያቸውን የሚያወልቁት ለጸሎትና ለመርፌ ብቻ ነው ይባላል።

ነገሩ እንዴት እንደተበላሸ አዳዳ ነገረችኝ። ለኪዎቹ መሣሪያቸውን ይዘው ሲመጡ ወሰንሽ የት ድረስ ነው አሏት። ኦቦ ለሜሳ ቆመው ያያሉ። ታዲያ ሰው እያያት እስከ መንገዱ ድረስ ነው ልትል ነው? ከበሯ ላይ ቆማ እስከዚህ ነው አለች። ለኪዎቹ ወደ ኦቦ ለሜሳ ዞሩ። እሳቸውም እሷ እያየቻቸው ከአጥራቸው ማለፍ አልቻሉም፤ እስከዚህ ነው አሉ። አንዱ ለሌላው ፈረመ። ሁለቱም ትሑት፣ ሁለቱም ደስተኛ፤ በመሃል አራት እርምጃ መሬት ሜዳ ላይ ወደቀ።

"ስግብግብ እንዳልባል ነው" አለች አዳዳ። "እሳቸውም ያው እንደኔ ናቸው።"

እውነቱ ምን ነበር ስላት፣ ባሏና ኦቦ ለሜሳ ቤት ሲሠሩ ሆን ብለው ነው የተዉት አለች። የሁለቱም ከብት እንዲያልፍበት፣ የሁለቱም ልጅ እንዲሮጥበት። የማን ነው ብሎ የጠየቀ ሰው እስከ ዘንድሮ አልነበረም።

8፡00፤ የቀበሌው ጽሕፈት ቤት

አራት መስኮት አለው፤ የተከፈተው አንዱ ነው፣ ሰልፉ ግን ለአራቱም ነው። አዳራሹ ጠዋት መዋዕለ ሕፃናት፣ ከሰዓት ስብሰባ፣ ቅዳሜ ሠርግ ይሆናል፤ ካለፈው ሠርግ የቀረ ሪባን ከጣሪያው ተንጠልጥሎ፣ ከሥሩ ፊደል ተለጥፏል። ከባንዲራው እንጨት አንድ ቀይ በሬ ታስሯል። የመንገድ አካፋይ ላይ የተተከሉ ችግኞች ሲበላ ተይዞ ነው። ባለቤቱ በሬዬ እዚህ የተወለደው ከችግኙ በፊት ነው እያለ ለሚሊሻው ይከራከራል። ሚሊሻው ጥላ ዘርግቶ ይሰማዋል። ክርክሩ ሳያልቅ ሁለቱም ሻይ ጠጡ።

እንዲህ ዓይነት ጽሕፈት ቤቶች ላይ መሳለቅ ቀላል ነው፤ እኔም ብዙ ጊዜ አድርጌዋለሁ። ግን ቁጭ ብዬ ስቆጥር፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያቺ አንዲት መስኮት የልደት ማስረጃ፣ የመሸኛ ደብዳቤ፣ የባልና ሚስት ጠብ፣ የውሃ ቆጣሪ ጥያቄና የጠፋ ፍየል ተቀብላለች። ከውስጥ ያለችው ሴት አንዴም ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ፍየሉን ያጣውን ሰው የማን ጎረቤት መሆኑን ሳትጠይቀው ታውቀዋለች። ከተማ መሃል ያለ ቢሮ ይህን አያውቅም።

ካርታው ከአዳራሹ ውጭ በመስታወት ውስጥ ተለጥፏል። ሁሉም ይዞታ ቁጥር አለው፤ የአዳዳ መተላለፊያ ግን ነጭ ናት። የይዞታ ባለሙያዋ ሲፈን ትባላለች፤ ወጣት ናት፣ ጫማዋ በጭቃ ሳይሆን በኖራ የተለወሰ። የአዳዳን ነገር አስረዳኋትና የጋራ ተብሎ አይመዘገብም ወይ አልኳት።

"ሲስተሙ ሁለት የተለያየ ይዞታ ያላቸውን ሰዎች በአንድ ቁራሽ ላይ አይቀበልም" አለች። "እኔ ብጽፈው እንኳ ይመልሰዋል። አንዱ የኔ ነው ማለት አለበት፣ አዋሳኙ መመስከር አለበት። እኔ አዴ ጫልቱ እንዲታጠሩ አልፈልግም። ብቻ ነገ ይናገሩ።" አዴ ስትል ወይዘሮ ማለቷ ነው።

ከልኬቱ በኋላ ለኪዎቹን ሁለት ጊዜ መልሳ ልካቸዋለች፤ ሁለቱም ጊዜ አዳዳ የጎረቤቴ ነው፣ ኦቦ ለሜሳ የሷ ነው ብለው መልሰዋቸዋል። ሲፈን ይህን ስታወራ አልሳቀችም። የመጨረሻው ቀን ሲያልፍ ነጭ የሆነው ሁሉ በራሱ ወደ ከተማው መሬት ባንክ ይገባል፤ የሷ እጅ የለበትም።

12፡00፤ አዳዳ ቤት

እራት ከመቅረቡ በፊት ማስጠናት ጀመርኩ። ኦቦ ለሜሳን በመንገድ ሳገኛቸው ተስማምተው ነበር። የሳቸው በር በዋናው መንገድ ነው፣ የምትታጠረው እሷ ናት፣ ስለዚህ የሷ ይሁን ብለዋል። ታዲያ የቀረው የአዳዳ አንድ ቃል ብቻ ነው። እኔ የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ ሆንኩ፣ እሷ ባለይዞታ።

"ይህ ቦታ የማን ነው?"

"የኛ ነው" አለች።

አይሆንም አልኳት። የኔ በይ። እሺ አለች። ደግሜ ጠየቅኳት፤ የኛ ነው። በኦሮምኛ ጠየቅኳት፤ ካን ኬኛ አለች፣ ያው የኛ። ሦስተኛውን አላስታውስም፣ አራተኛው ላይ ተቆጣሁ። አዳዳ፣ ነገ አንድ ጊዜ ነው የሚጠይቁሽ፣ የኛ ካልሽ ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ከዚያ በሼድ ጣሪያ ላይ ነው የምትወጪው አልኳት። ሽሮውን አማሰለች። ያደግኩት በሷ እጅ ነው፤ እንዲህ ተናግሬያት አላውቅም ነበር።

"ውሸት እኮ ነው" አለች ቀስ ብላ።

ውሸት ሳይሆን የቢሮ ቋንቋ ነው አልኳት። ምን ማለቴ እንደሆነ እኔም እንጃ። ግን ጠቀመ። እራታችንን በልተን ስንጨርስ፣ ሳልጠይቃት፣ ወደ ግድግዳው ዞራ የኔ ነው አለች። ትንሽ ቆይታ ደገመችው። ጎበዝ አልኳት፣ እንደ ተማሪ።

ሐሙስ፣ 3፡15፤ አዳራሹ

የመዋዕለ ሕፃናቱ ልጆች ዛሬ ወደ በረንዳው ወጥተዋል፤ መዝሙራቸው በመስኮት ይገባል። ጠረጴዛው ጀርባ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ሥራ አስኪያጁ፣ ሲፈን፣ ከነዋሪው የተመረጡ አንድ አረጋዊ። የሚነገረው ሁሉ በኦሮምኛ ነው፤ እኔ እዚህ በአማርኛ እጽፈዋለሁ። ቃለ ጉባኤ ይያዛል።

ከኛ በፊት አራት ጉዳይ ተሰማ። አንዱ ሰውዬ የጎርፍ መውረጃ ቦይ የኔ ነው ብሎ ተከራከረ፤ ቦዩን እየጠቆመ ሲያወራ ዓይኑን አላሸም። ቀናሁበት። አዳዳ አጠገቤ ነጠላዋን አገጯ ድረስ አድርጋ ተቀምጣለች። ኦቦ ለሜሳ ከሷ ቀጥሎ ናቸው፤ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል። ከቤት አብረው ነው የመጡት፤ መንገድ ላይ ስለ ላሟ ሲያወሩ ነበር።

ስሟ ሲጠራ ተነሳች። ሥራ አስኪያጁ ትሑት ሰው ነው፤ ተቀምጠው ይናገሩ አላት። አልተቀመጠችም።

"በካርታው ላይ ክፍት ተብሎ የተመዘገበው መተላለፊያ የማን ነው?"

አዳዳ መሬት መሬት አየች። ውጭ ልጆቹ መዝሙሩን ጨርሰው ከመጀመሪያው ጀመሩ። ሲፈን እስክሪብቶዋን አንስታ ጠበቀች።

"የኔ ነው" አለች።

አልተሰማም፣ ለቃለ ጉባኤው ይድገሙት አላት ሥራ አስኪያጁ። ክፋት የለውም፤ እውነትም አልተሰማም። ደገመችው፣ በዚህ ጊዜ ጮክ ብላ። ከአዳራሹ ኋላ የተቀመጡት ጎረቤቶች ሁሉ ቀና አሉ። ኦቦ ለሜሳ ወደ መስኮቱ ይመለከቱ ነበር።

ምስክርነት ተጠየቁ። ቦታው የአዴ ጫልቱ መሆኑን ይመሰክራሉ ወይ ተባሉ። ተነስተው ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

"እኔ ያየሁትን እመሰክራለሁ" አሉ። "ባሏ ካመጣት ቀን ጀምሮ በዚህ ስትወጣ፣ በዚህ ስትገባ አይቻለሁ። ልጆቿን ለክትባት ወደ ሥራ ቦታዬ ይዛ የመጣችው በዚህ ነው። የባሏ አስከሬን የወጣው በዚህ ነው። ሌላ መውጫ የላትም። ይህን ጻፉ።"

ሥራ አስኪያጁ፣ እሱ ልክ ነው፣ ግን የሷ ነው ወይስ አይደለም አለ። ኦቦ ለሜሳ ኮፍያቸውን በእጃቸው ላይ አዞሩት። ሽማግሌ ናቸው፤ በሐሰት መመስከር አይሆንላቸውም፣ እሷን መውጫ ማሳጣትም አይሆንላቸውም። ሲፈን ቀና ሳትል ይበቃል፣ ተጽፏል አለች። አረጋዊው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሥራ አስኪያጁ ሁለቱን ካያቸው በኋላ ቀጣይ አለ።

ፈረምን ማለት አልችልም፤ እነሱ ፈረሙ። እኔ ኮሪደሩ ላይ ለሲፈን ምስጋና ሳቀርብ፣ ሁለቱ ቀድመው ወጥተው ነበር። አዳዳ በመንገዱ በዚህኛው ዳር፣ ኦቦ ለሜሳ በዚያኛው ዳር ይሄዳሉ። መሃላቸው ባጃጅ ያልፋል።

6፡30፤ መተላለፊያዋ

ለኪዎቹ ምሳ ሰዓት ሳይሉ መጡ። ይህ ቀበሌ ሲፈጥን እንደዚህ ነው፤ ነገ የሚባል ነገር ዛሬ ሆኖ አረፈው። ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል አራት ቦታ ተከሉ። ሁለቱ መንገዱ ዳር፣ አንዱ ከአዳዳ በር ጥግ። አራተኛው ከግራዋው አጥር ክፍተት አጠገብ ገባ። ለኪው መሣሪያው ያሳየው ነጥብ ነው አለኝ። ትንሽ ወደ ጎን አይሆንም ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ በጣት የሚቆጠር ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሆንም አለ፤ ችካል መንቀል ደግሞ እንደሚያስከስስ ለአዳዳ በትሕትና አስረዳት።

አዳዳ ገመዱ ላይ ያለውን ልብስ አወረደች። የራሷን ለብቻ አጠፈች። የኦቦ ለሜሳን ሚስት ልብስ ደግሞ ለብቻ፣ ከራሷ ይበልጥ አስተካክላ አጠፈችው፣ ግን አልወሰደችላትም። በርጩማ ላይ አስቀምጣው ከበሯ ፊት ተቀመጠች። ካርታው ሲወጣ በስምሽ ይመጣል፣ ከእንግዲህ ማንም አይነካሽም አልኳት። አዎ አለች። ደስ ይበልሽ እንጂ አልኳት። ዛሬ ምሳ ምን ልሥራልህ ብላ ጠየቀችኝ።

እውነት ለመናገር እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ሥራዬን ጨርሻለሁ። ስልኬ ላይ የጽሑፌን መጀመሪያ ሁሉ ጽፌ ነበር፤ አንዲት ትሑት ሴት እንዴት መብቷን እንዳስከበረች የሚል ነገር። ያንን አጥፍቼ ነው ይህን የምጽፈው።

8፡30፤ መውጫ

ቦርሳዬን አንግቼ ልነሳ ስል ኦቦ ለሜሳ በግራዋው አጥር ክፍተት ብቅ አሉ። ለመንገዴ የሽምብራ እሸት በእቅፋቸው ይዘዋል፤ ከነሥሩ የተነቀለ፣ አፈሩ ገና ያልረገፈ። እኔ ወደ እሳቸው ሄድኩ፤ አዳዳ በሩ ላይ ቆማ እጇን በቀሚሷ ትጠርጋለች።

ኦቦ ለሜሳ ከክፍተቱ አላለፉም። ችካሉ አጠገብ፣ በራሳቸው በኩል ቆሙ። እግራቸውን አዩ፣ ችካሉን አዩ። ከዚያ ከኔ ትከሻ በላይ ወደ አዳዳ ተመለከቱና ኮፍያቸውን አወለቁ።

"አዴ ጫልቱ" አሉ፣ "ልግባ?"

እየቀለዱ መስሎኝ ፈገግ አልኩ። እየቀለዱ አልነበረም። የተጻፈ ነገር የሚያከብሩ ሰው ናቸው፤ ጠዋት ጮክ ተብሎ የተነገረውን ሰምተዋል። ባሏ ሲታመም ሌሊት ሌሊት መርፌ ይዘው የገቡት በዚህ ክፍተት ነው። ሲሞት ገላውን ሊያጥቡ የገቡት በዚህ ነው። ማንኳኳት እንኳ አያውቁም ነበር፤ የሚንኳኳ ነገር አልነበረውም።

አዳዳ ግቡ አላለችም። ግቡ ብትል ቦታው የሷ ሊሆን ነው። በርጩማው ላይ ያለውን የታጠፈ ልብስ አነሳች፣ በአጠገቤ አለፈች፣ በችካሉ በኩል ወደ እሳቸው ግቢ ተሻገረችና አጠገባቸው ቆመች። ልብሱን ሰጠቻቸው። ሁለቱም ወደኔ ዞረው በደህና ግባ አሉኝ። እሸቱን በችካሉ ላይ አሳልፈው ሰጡኝ።

መንገድ ዳር ደርሼ ዞር ብዬ ሳይ አዳዳ እዚያው ነበረች፤ በኦቦ ለሜሳ ግቢ፣ ከአጥሩ ወዲያ። ባሏና ጎረቤቷ ለሁለቱ ቤት ብለው የተዉት አራት እርምጃ በሷ ስም ባዶውን ተዘርግቷል፤ ኦቦ ለሜሳ ላሟን እንኳ ወደ ግቢያቸው ጎትተዋታል።

12፡10፤ አስኮ

ከመኪናው ስወርድ እሸቱ ጠውልጓል። አዳዳ ደረስክ ወይ ብላ ደወለች፤ ደርሻለሁ አልኳት። ስለ መንገዱ ጠየቀችኝ፣ ስለ ልጆቼ ጠየቀችኝ። ስለ መተላለፊያው አላነሳችም። እኔም ይቅርታ ልላት ፈልጌ፣ ከምን ልጀምር እያልኩ፣ ሰላም እደሪ ብዬ ዘጋሁት። ባትናገር ኖሮ በሯ ይታጠር ነበር፤ ይህ እውነት ነው። ግን ያንን ቃል ከአፏ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ጎበዝ ያልኳትም እኔ።